ማክሰኞ ማታ ማን ቀረ?

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በቦውሊንግ ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ቦውሊንግ ቡድናችን ጥቂት እንድንናገር ሲጋብዘን መጀመሪያ የሳቅነው እኛው ነን። ከእኛ በፊት የተናገሩት ስለ ዕድራችን፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት፣ ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት አስከሬኑን ለአገሩ አፈር ስለማብቃት ነው። ከዚህ ሁሉ ቁም ነገር በኋላ ኳስ እያንከባለሉ እንጨት ስለ መጣል ምን ይወራል? ብለን ነበር። በኋላ ግን የቡድናችንን መዝገብ አውጥተን ገጹን ስንገልጥ የምንናገረው ነገር እንዳለን አወቅን። የምንናገረውም ስለ ነጥብ አይደለም።

አጀማመራችን እንዲህ ነበር። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ ጊጊሪ አካባቢ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ይሠሩ ስለነበር፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በሊሙሩ መንገድ ላይ ወደተከፈተው ቪሌጅ ማርኬት ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ጎራ ይሉና ቦውሊንግ ሲጫወቱ ያያሉ። ይህንኑ አንድ እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ቡና ላይ አወሩልን። «እንዴት ነው፣ እኛስ ብንሞክረው?» ተባለ። በመጀመሪያው ቀን ስምንት ሆነን ሄድን። ከስምንታችን ሰባቱ ኳሱን በእጃችን ይዘን አናውቅም ነበር። ጫማ አውልቁና የቤቱን ጫማ ተከራዩ ስንባል ደግሞ ተያየን፤ በሰው ጫማ መቆም ለእኛ የማይዋጥ ነገር ነበርና። ከእናቶቻችን አንዷ ሁለት ካልሲ ደርበው ነው የገቡት።

ስምንተኛው ሰው ግን ጨዋታውን ከማናችንም በፊት ያውቁት ኖሯል። እኒህ አባታችን ተወልደው ያደጉት አሥመራ ነው። እዚያ ለአሜሪካውያን ወታደሮች የተሠራ የቦውሊንግ ቤት እንደነበረ፣ ቤቱም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲያገለግል እንደቆየ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። አሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያን ዘግተው የወጡት በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ውስጥ የወደቀውን ፒን የሚያነሣ ማሽን ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በአሥመራው ቤት ግን ፒኑን የሚያቆሙት ልጆች ነበሩ። አባታችንም በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት መልስ ይህን ሥራ ሠርተዋል። ኳሱ ሲመጣ እግርን ሰብስቦ ከፍ ማለት፣ ከዚያ ዘሎ መውረድ፣ አሥሩን ፒን በየቦታው ማቆም፣ ኳሱን መልሶ መላክ። «እኔ የተጫዋቾቹን ፊት አላውቀውም፤ የማውቀው ኳሳቸውን ነው» ይሉን ነበር። በመጀመሪያው ማታ ኳሱን ይዘው መስመሩ ላይ ሲቆሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ወዲያ ማዶ ተመለከቱ። ከዚያ ወረወሩና ሰባት ጣሉ። አያያዙን ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው።

ቀን መምረጡ ራሱን የቻለ ሸንጎ ነበር። ሰኞ የሥራ መጀመሪያ ነው፣ ማንም አይወጣም ተባለ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ለሙስሊም ወንድሞቻችንም የጁምዓ ቀን ነው። ቅዳሜ ሠርግ አይጠፋም። እሑድ ቤተ ክርስቲያንና ዕድር አለ። ሐሙስ ያሉም ነበሩ፤ በመጨረሻ ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጸና። ይህን ያህል የምንዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀኑ የተቆረጠ መሆኑ በኋላ ምን እንደጠቀመን ታያላችሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ እንግለጸው። ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን 60 ጫማ፣ ማለትም ከ18 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በመጨረሻው ላይ ቁመታቸው 38 ሳንቲ ሜትር የሆነ አሥር ፒኖች በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይቆማሉ። ኳሱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ አውራ ጣት፣ የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ይገቡበታል። ትልቁ ኳስ 16 ፓውንድ ሲሆን ይህም ሰባት ኪሎ ከሩብ ያህል ነው፤ ለልጆችና ለእናቶች ግን ቀለል ያለ አለ። ጨዋታው አሥር ዙር ነው፤ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይወረወራል። በመጀመሪያው ውርወራ አሥሩንም የጣለ «ስትራይክ» መታ ይባላል፤ በሁለተኛው ያጠናቀቀ «ስፔር» አገኘ ይባላል። ስትራይክ የመታ ሰው ከአሥሩ ነጥብ በላይ ቀጥለው የሚመጡት የሁለት ውርወራዎቹ ውጤት ይታከልለታል። የመጨረሻው ከፍተኛ ውጤት 300 ነው፤ ለዚያ አሥራ ሁለት ስትራይክ በተከታታይ መምታት ያስፈልጋል። በእኛ ቡድን እስካሁን ይህን ያደረገ የለም፤ ደግሞም አልቸኮልንም።

ለቤተሰብ እጅግ የተመቸን ግን የሊግ ጨዋታ ያለው የሀንዲካፕ ሥርዓት ነው። እኛ «ድጎማ» እንለዋለን። አሠራሩ እንዲህ ነው። 200 ነጥብ መነሻ ይሆናል። የእያንዳንዱ ተጫዋች አማካይ ውጤት ከ200 ይቀነስና ከልዩነቱ ላይ መቶ ሰማንያው እጅ፣ ማለት ከመቶ ሰማንያው፣ ይሰጠዋል። አማካይዋ 90 የሆነ እናት ልዩነቷ 110 ስለሆነ 88 ነጥብ ይደጎምላታል። አማካዩ 160 የሆነ ጎረምሳ የሚያገኘው 32 ብቻ ነው። እናቲቱ ቀን ወጥቶላት 110 ብትጥል 198 ይሆናል፤ ጎረምሳው ቀኑ ጠሞበት 155 ቢጥል 187 ነው። እናቱ አሸነፈችው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ የገዛ እናቱ ያሸነፈችው ልጅ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ስሙን አንጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ድጎማው ደካማውን በነጻ አያሸንፍም፤ ከተለመደው ጥቂት የተሻለ ለሠራ ሰው ግን በሩን ይከፍትለታል። አያትና የልጅ ልጅ እኩል የሚፎካከሩበት ሌላ ጨዋታ እኛ አላገኘንም።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። ይህ መዝገብ ከወፍራም ደብተር የተሠራ ነው፤ በግራ በኩል ስም፣ በቀኝ በኩል የየማክሰኞው ነጥብ ይጻፋል። ያልመጣ ሰው ቦታ ላይ ሰረዝ ይደረጋል። መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚያገላብጥ ሰው የናይሮቢን ኑሯችንን ያነበዋል። ብዙ ስሞች ፊት ለፊት ሰረዝ ሲደጋገም ቆይቶ በመጨረሻ «ሄደ» ወይም «ሄደች» የሚል ቃል ተጽፏል። ሚኒሶታ፣ ካልጋሪ፣ ሜልቦርን። ናይሮቢ ለብዙዎቻችን መኖሪያ ከመሆኗ በፊት መጠበቂያ ነበረች፤ ዛሬም መጠበቂያ የሆነችባቸው ወገኖች አሉን። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሐበሻ እዚህ ከተማ የለም። ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው ዕቃ አይገዛም፤ ቤት አይቀይርም፤ ጓደኛም ማብዛት አይፈልግም፣ ነገ ልሄድ እችላለሁ ይላልና። ነገ ደግሞ ስምንት ዓመት ይሆናል።

እንዲህ ካሉት ወንድሞቻችን አንዱ ኢስሊ ውስጥ ለብቻው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ዝምተኛ ነው። ወደ ቡድናችን ያመጣው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ሄደ፣ እርሱ ቀረ። ማክሰኞ ማታ ግን አይቀርም ነበር። አንድ ማክሰኞ ሳይመጣ ቀረ፤ ሰረዝ አደረግን። በሁለተኛው ማክሰኞም ቀረ። መዝገቡን የምትይዘው እህታችን ሁለተኛውን ሰረዝ ስታደርግ፣ «ይኼ ልጅ ሁለት ጊዜ ቀርቶ አያውቅም» አለች። ስልኩ ዝግ ነው። በማግሥቱ ሦስት ሆነን ማታቱ ተሳፍረን ክፍሉን ፈልገን አገኘን። በሩን የከፈተልን እየተንገዳገደ ነው። የሳንባ ምች ይዞት ከተኛ አሥር ቀን ሆኖታል፤ ሰውነቱ እሳት ነው፤ ስልኩን እንኳ ቻርጅ የሚያደርግበት አቅም አልነበረውም። ደግፈን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር አለን።

ይህ ወንድማችን ዛሬ በሌላ አገር የሁለት ልጆች አባት ነው። ለበዓላችን መልካም ምኞቱን ልኳል። እኛ ግን ደጋግመን የምናስበው አንድ ነገር አለ። ቀናችን የተቆረጠ ባይሆን ኖሮ፣ «ሲመቸን እንሰብሰብ» የምንል ቢሆን ኖሮ፣ መቅረቱን ማን ያውቅ ነበር? ቀጠሮ ከሌለ መቅረት የለም። መቅረት ከሌለ ደግሞ የሚፈልግህ ሰው የለም።

ሁልጊዜ እንዲህ ነቅተን ነበር ብንል ግን ውሸት ይሆንብናል፤ በኢዮቤልዩ በዓል ላይ ውሸት ደግሞ አያምርም። ከዚያ በፊት አንዲት እህታችን ለሦስት ወር ያህል ቀረች። ሰረዝ በሰረዝ ላይ ደረደርን። «ሰልችቷት ይሆናል» አልን፤ «ባሏ ከልክሏት ይሆናል» ያልንም አለን። ማንም አልደወለም። በኋላ ገበያ ላይ ያገኘቻት አንዷ አባላችን ስትጠይቃት ነገሩ ወጣ፤ ሥራዋን አጥታ ለጨዋታውና ለጫማ የሚከፈለው ሽልንግ አልተረፋትም ኖሯል። ለመናገር አፈረች፤ እኛም ሳንጠይቅ ቀረን። ያን ቀን ያፈርነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ክፍያችን በተዘጋ ፖስታ ሆነ። እያንዳንዱ ሰው በወር አንድ ጊዜ የቻለውን ፖስታ ውስጥ አድርጎ ያስገባል፤ ያልቻለ ባዶውን አሽጎ ያስገባል። ሒሳቡ ከጠቅላላው ይከፈላል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ጎድሎብን አያውቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ?

የተፈተንንባቸው ጊዜያትም ነበሩ። በመስከረም ወር 2013 እ.ኤ.አ. በዌስትጌት የገበያ አዳራሽ ላይ በደረሰው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ከተማው ሁሉ እንደደነገጠ እኛም ደነገጥን። ማታ ማታ ልጆችን ይዞ ወደ ትልልቅ ሕንፃዎች መሄድ የሚያስፈራ ሆነ። ለተወሰነ ጊዜ ቤተሰብ ያላቸው ቀሩ፤ ቀስ በቀስ ተመለሱ።

ከሁሉ የከበደው የኮሮና ዘመን ነበር። ከመጋቢት 27 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው ኬንያ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የተጀመረውም ልክ የእኛ ጨዋታ በሚጀመርበት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር። ሰዓቱ በየጊዜው ቢሻሻልም እላፊው ጨርሶ የተነሣው በጥቅምት 20 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኳስ አልነካንም። ነገር ግን መዝገባችን አልተዘጋም። ማክሰኞ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን መዝገብ ያዢዋ እህታችን በየስሙ እየደወለች፣ «አቤት» ላለ ሁሉ ምልክት ታደርግ ነበር። የዚያን ጊዜ ገጾች ነጥብ የላቸውም፤ ያላቸው የእርሳስ ምልክት ብቻ ነው። አሥመራ ያደጉት አባታችን ያረፉት በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው። በወጉ ተሰብስበን ልንሸኛቸው አልቻልንም። በስማቸው መስመር ላይ ሰረዝ ለማድረግ እጃችን ስላልታዘዘልን ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ስለዚህ ነገር ስናወራ አንድ አንባቢ ወንድማችን የነገረንን እናካፍላችሁ። ሮበርት ፑትናም የሚባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ በኋላም በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአገራቸው ሰዎች አብሮ መሰባሰብን እየተዉ መምጣታቸውን ያሳዩት በዚሁ በቦውሊንግ ነው። ከ1980 እስከ 1993 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ቦውሊንግ የሚጫወቱ ሰዎች ቁጥር በመቶ አሥር እጅ ሲጨምር፣ በሊግ ተደራጅተው የሚጫወቱት ግን በመቶ አርባ እጅ ቀንሰው ነበር። ኳሱም ፒኑም ያው ነው፤ የጠፋው የተቆረጠው ማታ ነው። ይህን ስንሰማ ቡድናችንን አሰብን። ዕድራችንም፣ እቁባችንም፣ ማኅበራችንም የቆሙት በዚሁ ነገር ላይ ነውና፤ ቀን አላቸው፣ ተራ አላቸው፣ ስም ይጠራባቸዋል።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤

ይህን ሁሉ የምንናገረው ቡድኑን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ከኮሮና በፊት በየማክሰኞው አምስት ቡድን ሆነን እንሰለፍ ነበር። ዛሬ ሁለት ቡድን እንኳ የማንሞላበት ማታ አለ። የናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ አለ፤ ኑሮ ተወዷል፤ ልጆቻችንም የየራሳቸው ሥራና ጓደኛ አላቸው። በመሆኑም ከመካከላችን «ቋሚውን ማታ እንተወውና ሰው ሲገኝ እንጫወት» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት በቅን ልቦና ነው፤ ድካማችንን አይተው ነው። ቢሆንም እኛ ተወያይተንበት አልተቀበልነውም። ሰው ሲገኝ ብቻ የምንሰበሰብ ከሆነ ያ ኢስሊ የነበረው ልጅ ዛሬ ቢታመም የሚያውቅለት የለም። እንደ እርሱ ያለ ሰው ደግሞ ዛሬም በዚህ ከተማ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ከዚህ መድረክ ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ መኪና ያላችሁ አባሎቻችን ማክሰኞ ማታ መመለሻ የሌላቸውን ለማድረስ በወር አንድ ተራ ብቻ እንድትይዙልን። ብዙ እናቶች የሚቀሩት ጨዋታውን ጠልተው ሳይሆን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በማታቱ መመለስን ፈርተው ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሰው፣ በተለይ አንድ ወጣት፣ እንዲልክልን። የመጀመሪያው ወር ሒሳብ ከፖስታው ይከፈላል። ካልሲ ብቻ ይዞ ይምጣ፤ የፈለገ ሁለት ይደርብ።

ሦስተኛ፣ ለብቻው የሚኖር ሰው የምታውቁ፣ በተለይ በቅርቡ የመጣና ማንንም የማያውቅ፣ እጁን ይዛችሁ አምጡት። ባይጫወትም ይቀመጥ፤ ቺፕስ ማሳላ እየበላ ይስቅብን። ስሙን ግን መዝገባችን ላይ እንጽፈዋለን። ስሙ ከተጻፈ በኋላ ሁለት ማክሰኞ ከቀረ በማግሥቱ በሩን እናንኳኳለን። ይህንን በዛሬው በዓል ፊት ቃል እንገባለን፤ አንድ ጊዜ ሳናንኳኳ ቀርተን ምን እንደሚመስል አይተነዋልና።

በመጨረሻም፣ ፖስታውን ለዓመታት የሞሉትን፣ ነጥብ የደመሩትን፣ በየማክሰኞው የተሸነፉልንን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን። በየአገሩ ተበትናችሁ ይህን መጽሔት የምታነቡ የቀድሞ ተጫዋቾቻችንም፣ ስማችሁ በመዝገባችን ላይ አለ፤ ባለፋችሁበት ሁሉ ብቅ በሉ።

ፈጣሪ ያረፉብንን ነፍሳቸውን ይማር። አገራችን ኢትዮጵያን ሰላም ያድርግልን፤ ተቀብላ ያኖረችንን ኬንያንም ይባርክልን።

የፊታችን ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት እንጠብቃችኋለን።